የመናገሪያ ቁልፉ ሲጫን የሚጠፋው ጂፒኤስ

አብራሪው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ከማማው ጋር ይነጋገራል። ወዲያው ጂፒኤሱ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፤ የሳተላይቶቹ አሞሌዎች ያጥራሉ ወይም ጭራሽ ይጠፋሉ። ቁልፉ በተለቀቀ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። በሌላ ቀን በሌላ ፍሪኩዌንሲ ሲነገር ደግሞ ምንም አይታይም። ይህን አቤቱታ ይዞ ወደ ጥገና የሚመጣ የሴስና 172 አነስተኛ አውሮፕላን ባለቤት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጂፒኤሱን አስፈትሸው» ወይም «አንቴናውን ቀይረው» የሚል ነው። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆያል። የሚጮኸው ሌላ፣ የሚቆነጥጠው ሌላ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ በ1575.42 ሜጋኸርዝ ይልካል። ሲግናሉ አውሮፕላኑ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ −130 ዲቢኤም ገደማ ይሆናል፤ ይህ ከአንድ ሚሊዋት በ10 ትሪሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። በአውሮፕላኑ ጣሪያ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከጂፒኤሱ አንቴና ከአንድ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ የመነጋገሪያው የቪኤችኤፍ ሬዲዮ አንቴና ቆሟል። ይህ ሬዲዮ ከ118 እስከ 136.975 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ 10 ዋት ያህል ይለቃል። ማንኛውም ማስተላለፊያ ደግሞ ከተሰጠው ፍሪኩዌንሲ ጋር ሁለት እጥፉን፣ ሦስት እጥፉን እያለ ብዜቶቹንም በጥቂቱ ያወጣል። ቴክኒሻኖች ሃርሞኒክ የሚሏቸው እነዚህን ነው።

131.285 ሜጋኸርዝን በ12 ብታባዙ 1575.42 ይመጣል። 121.186ን በ13 ብታባዙም እዚያው ትደርሳላችሁ። ጂፒኤሱ በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው።

ወረቀት ላይ እናስላው። 10 ዋት ማለት 40 ዲቢኤም ነው። ብዜቶቹ ከዋናው ሲግናል 60 ዴሲቤል፣ ማለትም በሚሊዮን እጥፍ፣ ዝቅ የሚሉለት ሬዲዮ ጨዋ ሬዲዮ ይባላል፤ ያም ሆኖ 1575 ሜጋኸርዝ ላይ −20 ዲቢኤም ይቀረዋል። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው አንድ ሜትር አየር በዚህ ፍሪኩዌንሲ 36 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል። ስለዚህ ጂፒኤሱ አንቴና ጋ የሚደርሰው −56 ዲቢኤም ነው፤ ከሳተላይቱ ሲግናል 74 ዴሲቤል፣ ማለትም 25 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ የቪኤችኤፍ አንቴና ለ1575 ሜጋኸርዝ አልተሠራም፤ የጂፒኤስ አንቴናም ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን ብዙ አያይም፤ ዘመናዊ ሬዲዮዎችም ከ60 ዴሲቤል የተሻለ ያጣራሉ። እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ግን ልዩነቱን አስተውሉት፤ ጂፒኤሱ በሰላም እንዲሠራ የእነዚህ ሁሉ ነገሮች ደህና መሆን ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲላላ ሲግናሉ ይሸፈናል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ትምህርት አለ፤ ገበያ ላይ ግን ብዙዎች ይስቱታል። የሚረብሸው ሃርሞኒክ የሚያርፈው በራሱ በ1575.42 ላይ ስለሆነ በጂፒኤሱ ኬብል ላይ የሚገጠም ምንም ዓይነት ፊልተር አይለየውም። ረባሹን የሚቆርጥ ፊልተር የሳተላይቱንም ሲግናል ይቆርጣል። ማጣራት የሚቻለው ከምንጩ ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ሃርሞኒኩ የት እንደሚፈጠር መፈለግ ይሆናል፤ እስኪገኝ ድረስ ምንም ዕቃ አይገዛም።

የሚፈጠርባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሬዲዮው ራሱ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው፦ ኬብሉ፣ ኮኔክተሩ፣ የዛገው የአንቴና ግርጌ። ሦስተኛው የሬዲዮውን ጨረር ተቀብሎ አበላሽቶ መልሶ የሚለቅ ሌላ መሣሪያ ነው። እያንዳንዳቸው የሚታከሙት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ሳይለዩ መጀመር ከንቱ ድካም ነው።

ለፈተናው አውሮፕላኑን ከሃንጋር አውጡት፤ ከቆርቆሮ ግድግዳና ከሌሎች አውሮፕላኖችም አርቁት። ቆርቆሮ የሳተላይቱንም የሬዲዮውንም ሞገድ ስለሚያንጸባርቅ ውጤቱን ያሳስታል። ባትሪው እንዳይደክም የውጭ ኃይል ሰጪ አገናኙ፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ሬዲዮውም እንደወትሮው አይሠራም። ስልኮችን፣ ታብሌቶችን፣ ቻርጀሮችንና ካሜራዎችን በሙሉ ከአውሮፕላኑ አውጡ። ከዚያ ጂፒኤሱን ብቻ አብሩና ቢያንስ ሰባት ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁ። የሳተላይት ገጹን ከፍታችሁ የእያንዳንዱን የሲግናል ጥንካሬ በወረቀት ጻፉ። ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ከሆነ ጤነኛ ሳተላይት ከ35 እስከ 50 ባለው ውስጥ ይገኛል። ይህ ወረቀት ከሌለ በኋላ «ተሻለው መሰለኝ» ከማለት በቀር የሚባል ነገር አይኖርም።

አሁን ሬዲዮውን አብሩና በተራ በ121.150፣ 121.175፣ 121.200፣ 131.250፣ 131.275 እና 131.300 አስተላልፉ፤ በእያንዳንዱ ላይ 35 ሰከንድ ቁልፉን ያዙ። ጂፒኤስ ሲግናል ሲያጣ ወዲያው ስለማይናገርና ለጥቂት ጊዜ በገመተው ስለሚጓዝ፣ አምስት ሰከንድ ብቻ የያዘ ሰው ችግሩ የለም ብሎ ይሄዳል። ከ35 ሰከንድ በላይ ልያዝ ብትሉም ብዙ ዘመናዊ ሬዲዮዎች ቁልፉ የተጣበቀ መስሏቸው በዚያው ገደማ ማስተላለፉን ያቋርጣሉ። እንደ አውሮፓ በቻናሎች መካከል 8.33 ኪሎኸርዝ ክፍተት በሚሠራበት አገር 121.185፣ 121.190 እና 131.285ም ይጨመራሉ፤ እነዚህ ወደ ዒላማው ይበልጥ ይጠጋሉ። መናገር አያስፈልግም፤ የአውሮፕላኑን ስም ጠርቶ «ቴስት» ካሉ በኋላ ዝም ብሎ ቁልፉን መያዝ ይበቃል። ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት ግን ለማማው ይነገር፤ በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ላይም መጀመሪያ ይደመጥ። በአካባቢው ከእነዚህ አንዱ የሥራ ፍሪኩዌንሲ ሊሆን ይችላልና። ወደ 121.500 በስህተት እንዳትሻገሩም እጃችሁን ጠብቁ፤ እሱ የአደጋ ጥሪ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ሰባተኛ ፈተና አለ፤ በ125.000 ማስተላለፍ። የዚህ 12ኛ ብዜት 1500፣ 13ኛው 1625 ስለሆነ ሁለቱም ከጂፒኤስ ሩቅ ናቸው። በ121 እና በ131 ገደማ እየጠፋ በ125.000 ጤነኛ ከሆነ ጠባችሁ ከሃርሞኒክ ጋር ነው። በ125.000ም ከጠፋ ነገሩ ሌላ ነው፦ የሬዲዮው ዋና ጉልበት በላላ ኮኔክተር ወይም በኃይል ሽቦ በኩል ጂፒኤሱ ውስጥ እየገባ ነው፤ ያኔ የሃርሞኒክ ፊልተር መግዛት ገንዘብ መጣል ይሆናል።

ሃርሞኒክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ በጣም የምወደው መሣሪያ ይመጣል። ስሙ ደሚ ሎድ ነው፤ 50 ኦም የሆነ፣ ቢያንስ 20 ዋት የሚችል፣ ጉልበቱን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ። የሬዲዮውን ኬብል ከአንቴናው ነቅላችሁ ጫፉን ከደሚ ሎዱ ጋር አገናኙና ችግሩ በታየበት ፍሪኩዌንሲ አስተላልፉ። አንቴናም ደሚ ሎድም ሳይኖር ግን ፈጽሞ አይተላለፍም፤ የሬዲዮው የመጨረሻ ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል።

ጂፒኤሱ አሁንም ከጠፋ አንቴናው ንጹሕ ነው፤ የሚያፈስሰው ኬብሉ ወይም ሬዲዮው ነው። ደሚ ሎዱን ወደ ሬዲዮው ጀርባ አምጡና በአጭርና ጥሩ ኬብል አያይዙት። ሲስተካከል ጥፋተኛው ረጅሙ ኬብል ነው፤ ካልተስተካከለ ሬዲዮው ወይም የኃይል ሽቦዎቹ ናቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ማለትም በአንቴናው ጫፍ ደሚ ሎድ ሲገጠም ጂፒኤሱ ከዳነ ደግሞ ሃርሞኒኩ በአየር እየተጓዘ ነው፤ ከሬዲዮው ወጥቶ፣ አንቴናው ግርጌ ላይ ተፈጥሮ ወይም ሌላ መሣሪያ መልሶ ለቅቆት ሊሆን ይችላል። አሁን አንቴናውን መልሱና በሬዲዮው ጀርባ ላይ ለ1575.42 የተሠራ የኖች ፊልተር፣ ማለትም ያን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚቆርጥ ማጣሪያ፣ ለጊዜው አስገቡ። ችግሩ ከጠፋ ምንጩ ሬዲዮው ነው። ፊልተሩ እያለ ከቀጠለ ሃርሞኒኩ ከፊልተሩ በኋላ እየተፈጠረ ነው።

እዚህ ላይ ነው የአደጋ ጊዜ አስተላላፊው፣ ኢኤልቲ የምንለው፣ የሚጠረጠረው። ዓለም አቀፉ የሳተላይት ፍለጋና ማዳን ሥርዓት ኮስፓስ ሳርሳት በ121.5 ሜጋኸርዝ የሚመጣውን ጥሪ በሳተላይት መከታተል ያቆመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ቢሆንም፣ ፈላጊ ቡድን እንዲጠጋበት ሲባል አዲሶቹ የ406 ሜጋኸርዝ ኢኤልቲዎችም በ121.5 ይልካሉ። ስለዚህ የኢኤልቲው የውጤት ሰርኪት ለ121.5 የተቃኘ ነው። ሬዲዮው በ121.175 ሲጮህ የኢኤልቲው አንቴና ጉልበቱን ያጠምዳል፤ ጠፍቶ የተኛው ትራንዚስተር ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዳዮድ ሆኖ ሞገዱን ያጎድፈዋል፤ ከዚያ 13ኛው ብዜት በዚያው አንቴና ተመልሶ ይወጣል። መሣሪያው ምንም ሳይበራ ያስተላልፋል ማለት ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ በ121 ገደማ በጣም ይከፋል፤ በ131 ይቀላል ወይም ጭራሽ አይታይም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የኢኤልቲውን የአንቴና ኬብል ከሳጥኑ ንቀሉና በ121.150፣ 121.175 እና 121.200 ደግማችሁ ሞክሩ። ከተስተካከለ መድኃኒቱ በኢኤልቲው ኬብል ላይ ከሳጥኑ አጠገብ የሚገባ ያው የኖች ፊልተር ነው። ኬብሉን ስትነቅሉ ቀይ ጥብጣብ እሰሩበት፣ ወረቀትም መሪው ላይ ስቀሉ፤ ኢኤልቲው ሳይገናኝ የበረረ አውሮፕላን ከጂፒኤስ መጥፋት የከፋ ነገር ይገጥመዋል።

ኢኤልቲው ነጻ ከሆነ ወደ ሬዲዮው አንቴና ግርጌ ውጡ። አራቱን ብሎኖች ፈታችሁ አንቴናውን ስታነሱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው፦ በአሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት፣ በብሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር ክብ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይፋቅ የቀረ ቀለም፤ አንቴናው ያለ መሬት፣ ማለትም ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር በኤሌክትሪክ ሳይገናኝ፣ በቀለም ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሁለት ብረቶች በስስ ዝገት ተለያይተው ሲነካኩ መገናኛቸው እንደ ዳዮድ ይሆናል፤ 10 ዋት ሲያልፍበትም ሃርሞኒክ ይፈጥራል። እዚህ የተፈጠረውን በሬዲዮው ጀርባ ያለ ፊልተር አያየውም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝገቱንና ቀለሙን እስከ ብሩህ ብረት ድረስ ፋቁ፤ በአሉሚኒየም ላይ የብረት ሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፣ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ራሳቸው ያዝጉታል። ዝገቱ እንዳይመለስ አሎዳይን ቀቡት። አንቴናውን መልሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ በግርጌውና በአውሮፕላኑ ገላ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለኩ፤ በተለምዶ የሚፈለገው ከ2.5 ሚሊኦም ያልበለጠ ነው። ተራ መልቲሜትር ይህን አይለካም፣ የራሱ ሽቦዎች መቋቋም ይበልጣል፤ ባለ አራት ሽቦ የሚሊኦም መለኪያ ያስፈልጋል። ውኃ እንዳይገባ የሚቀባው ማሸጊያ በዙሪያው ብቻ እንጂ ከሥር አይገባም። ከሥር ከገባ አንቴናው መሬት የሚያገኘው በብሎኖቹ ብቻ ነው።

ኬብሉ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አርጂ 58 አንድ መረብ ብቻ ስላለው ያፈስሳል፤ በሁለት የብር ቅብ መረቦች የተሸፈነው አርጂ 400 ይተካው። የጂፒኤሱና የሬዲዮው ኬብሎች በአንድ እቅፍ አይታሰሩ፤ መሻገር ካለባቸውም መስቀለኛ ይሁኑ። አንድ ሰው የሳተላይት ገጹን እያየ ሌላው እያስተላለፈ፣ ሦስተኛው ኮኔክተሮቹን አንድ በአንድ ቢነቀንቅ የላላው ራሱን ያጋልጣል።

ሬዲዮው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ በብዙ የመጫኛ መመሪያዎች ላይ ስሙ የሚጠራው ቴድ 4-70-54 የተባለው የኖች ፊልተር ነው። በተቻለ መጠን ለሬዲዮው ጀርባ ቅርብ ሆኖ ይገጠማል፤ ክብደቱ በኮኔክተሩ ላይ እንዳይንጠለጠል በማቀፊያ ይታሰራል። ሁለት ሬዲዮ ካለ ሁለቱም ይፈተኑ፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የድሮው ነው።

በገዛ እጃቸው የሠሩትን አውሮፕላን የሚያበርሩ ሰዎች ይህን ፊልተር በቁራጭ ኬብል መሥራት ይችላሉ። በሬዲዮው ኬብል ላይ ቲ ኮኔክተር አስገብቶ በጎኑ ጫፉ ክፍት የሆነ አጭር ኬብል ማንጠልጠል ነው። በ1575.42 የሞገዱ ርዝመት 190 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሩቡ 47.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአርጂ 400 ውስጥ ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት 0.695 እጥፍ ስለሚጓዝ 33 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ርዝመት 1575ን እንደ ሾርት ሆኖ ይገድለዋል፤ በ125 ሜጋኸርዝ ግን ሦስት ፒኮፋራድ ያህል ብቻ ስለሆነ ሬዲዮው አይሰማውም። ወጥመዱ ያለው ቲው ውስጥ ነው። የቲው የራሱ ክንድም የርዝመቱ አካል ስለሆነ ኬብሉን 33 ሚሊ ሜትር ላይ የቆረጠ ሰው ዒላማውን ይስታል። ረዘም አድርጎ ቆርጦ፣ በኔትወርክ አናላይዘር እያዩ በግማሽ ሚሊ ሜትር መላጨት ነው። ናኖቪኤንኤ የተባለው ርካሽ አናላይዘር እስከ 1.5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያይ ከሆነ አይጠቅምም፤ እስከ 3 የሚደርሰው ይፈለግ። ሰርተፊኬት ባለው አውሮፕላን ላይ ግን ይህ አይፈቀድም፤ ፊልተሩም ፈቃድ ባለው ቴክኒሻንና በጸደቀ ሰነድ ይገጠማል።

የጂፒኤሱን አንቴና ማዛወር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከሬዲዮውም ከኢኤልቲውም አንቴና ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ይህ ካልተጠበቀ ግን ማዛወሩ ትክክለኛው መልስ ሊሆን ይችላል። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚገኘው 6 ዴሲቤል ብቻ እንደሆነ አትርሱ። ጥሩ ፊልተር ከዚያ በጣም የሚበልጥ ይሰጣል፤ ጣሪያ መብሳትም የለበትም።

ቁልፉ ሳይጫንም የሚጠፋ ጂፒኤስ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ርካሽ የዩኤስቢ ቻርጀሮች፣ ትንንሽ የቪዲዮ ካሜራዎች፣ ኃይል የሚቀያይሩ የኤልኢዲ መብራቶች ሰፊ ጫጫታ ያወጣሉ። ሁሉንም አጥፍቶ አንድ በአንድ እያበሩ ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማነጻጸር ነው። በኬብል ላይ የሚጣበቀው ፌራይት በዚህ ከፍታ ባለ ፍሪኩዌንሲ ብዙም አይረዳም፤ ቻርጀሩን መለወጥ ይቀልላል። ከ1616 እስከ 1626.5 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ የኢሪዲየም ስልክ ወይም መከታተያም ከጂፒኤሱ አጠገብ አይቀመጥ። የቆዩ ሬዲዮዎች ደግሞ በማዳመጥ ብቻ ሊረብሹ ይችላሉ። 10.7 ሜጋኸርዝ ውስጣዊ ፍሪኩዌንሲ ያለውና ኦስሌተሩ፣ ማለትም ውስጣዊ ሞገድ አመንጪው፣ ከተቃኘበት በላይ የሚሠራ ሬዲዮ በ120.585 አካባቢ ሲቃኝ ኦስሌተሩ 131.285 ላይ ይቆማል፤ 12ኛ ብዜቱም ጂፒኤሱ ላይ ያርፋል። «ሳልናገር ጠፋ» የሚል አብራሪ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ምንጩ ከአውሮፕላኑ ውጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ ወደብ ጂፒኤስን ያስጨነቁት ጀልባዎች ላይ የተሰቀሉ ማጉያ ያላቸው የቴሌቪዥን አንቴናዎች ነበሩ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኒውርክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የጂፒኤስ ማፈኛ ይዞ ሲነዳ በተገኘ ሰው ላይ ከ31 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት አቅርቧል። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሰማይ ሆን ተብሎ የሚደረገውን ማፈን በእስራኤልና በአካባቢው የሚበርሩ ያውቁታል። እኛ ጋ ደግሞ የተፈጥሮ ምክንያት አለ፤ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በላይኛው ከባቢ አየር ያለው አዮኖስፌር የተባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር ይታወክና የሳተላይቱ ሲግናል ይንቀጠቀጣል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ በተለይ ፀሐይ ንቁ በምትሆንባቸው ዓመታት፣ ይብሳል። መለያው አንድ ነው፦ የውጭው ረብሻ የመናገሪያ ቁልፉን አያውቀውም፤ አጠገብ ያለውንም አውሮፕላን ጂፒኤስ አብሮ ይመታል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ስድስቱ ፍሪኩዌንሲዎች ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ በሁለቱም ሬዲዮዎች ይደገሙ። ከዚያ በጠራ ቀን፣ ምድርን እያዩ በሚበረርበት ሁኔታ፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ እየዞሩ አንድ ጊዜ በአየር ላይ ይሞከሩ። በጥገና መዝገቡ ላይም ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ የነበሩት የሳተላይት ቁጥሮች፣ ችግሩ የታየበት ፍሪኩዌንሲ፣ ፊልተሩ የገባበት ቦታና የአንቴናው ግርጌ የሚሊኦም ልኬት ይጻፉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ልኬት ከ2.5 በላይ ወጥቶ ከተገኘ ቀጣዩ ቴክኒሻን ደሚ ሎዱን ከማውጣቱ በፊት ብሎኑን ይፈታል።